ፈረሱ ይኸው፤ ሜዳው የታለ?

«ፈረሱም ይኸው፣ ሜዳውም ይኸው» ይላሉ አበው፣ በአፉ የሚፎክረውን በሥራ ለመፈተን ሲሹ። ይህ አነጋገር ሳይናገረው የሚያምነው አንድ ነገር አለ፤ ፈረስ ካለ ሜዳ አይጠፋም የሚል እምነት። ዛሬ ግን ፈረሱ በመኪና ተተክቷል፤ ሜዳውም በአጥርና በደረሰኝ ተከፋፍሏል። ለሽርሽር ወደ ሐይቅ ዳር የወጣ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው «ውኃው እንዴት ነው?» ብሎ ሳይሆን «መኪናዬን የት ላቁም? በነጻ የሚቆምበትስ አለ ወይ?» ብሎ ነው። ጥያቄው ተራ ይመስላል። እኔ ግን በአዊ ምድር፣ በእንጅባራና በዳንግላ መንገድ ላይ ሆኜ ባሰብኩት ቁጥር ከጀርባው ረጅም ታሪክ ተሰልፎ ይታየኛል። ውድ አንባቢያን፣ ዛሬ የማወጋችሁ ያንን ታሪክ ነው፤ መንገደኛ ከብቱን የት ያስር እንደነበር፣ የማሰሪያውንም ዋጋ ማን ይከፍል እንደነበር።

በመጀመሪያ ስለ ስፍራው ጥቂት ልበል። ዘንገና ሐይቅ ከእንጅባራ ከተማ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር ከሚወስደው አስፋልት 200 ሜትር ገደማ ገባ ብሎ ይገኛል። የጠፋ እሳተ ገሞራ አፍ ውኃ ሞልቶበት የተፈጠረ ነው። ክብነቱ በወሰን ገመድ የተለካ ይመስላል፤ ከዳር እስከ ዳር አንድ ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ተቀምጦ፣ ወደ ታች ደግሞ ከ160 ሜትር በላይ ይጠልቃል። አሸዋ የለውም፤ ጃንጥላና ተዘርግቶ የሚተኛበት ወንበርም አልተደረደረበትም። ያለው ዛፍ የለበሰ ገደል፣ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ የሚዘሉ ጦጣዎች፣ ከአፋፉም ላይ ለመቀመጫ የሚሆን ሣር ነው። ባሕር በር ለሌለን ለእኛ ግን የባሕር ዳርቻችን ይኸው ነው። በበዓል ቀን፣ መንገዱም ሰላም በሆነ ጊዜ፣ ሙሽራው ከነሚዜዎቹ፣ ተማሪው ከነጓደኞቹ፣ ከሩቅ የመጣውም ከነቤተሰቡ ወደዚያ ይጎርፋል። ሁሉም ደግሞ አንድ ሣር ላይ መቆም ይሻል።

አገሩ ከመኪና በፊት የፈረስ አገር ነው። የአዊ ሕዝብ ራሱን «ሰባት ቤት አገው» ብሎ ይጠራል። በትውፊቱ መሠረት ከሰቆጣ የመጡ ሰባት ወንድማማቾች በዚህ ምድር ሰፍረው አንካሻ፣ ባንጃ፣ ኳኩራ፣ አዘና፣ ዚገም፣ ጫራና መተከል የተባሉትን ቤቶች መሠረቱ። ደጋው ብርድና ዝናም የሚበዛበት፣ ሣሩም የማይደርቅበት ስለሆነ ለፈረስ ይስማማል። በሌላው የሀገራችን ክፍል ፈረስ የጌታ መቀመጫ፣ በሬ የአርሶ አደር ጉልበት ሆነው ሲኖሩ፣ አዊ ግን ፈረስን ቀንበር ጭኖ ያርስበታል። ያው ፈረስ ማለዳ እርፍ ይስባል፤ ቅዳሜ ወደ ገበያ ይሄዳል፤ በሠርግ ቀን ያጌጣል፤ በለቅሶ ቀን ያለ ጌታው ይጎተታል። «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» የሚለው ተረት እዚህ ሲደርስ ትንሽ ይጎድለዋል፤ የአዊ ፈረስ ያደርሳልም፣ ያርሳልም።

ፈረስ ካለ ማሰሪያ አለ። ስለ ማሰሪያ ስናስብ ደግሞ ቋንቋችን ራሱ አንድ ምስጢር ይገልጥልናል። «ከተማ» የምንለው ቃል «ከተመ» ከሚለው ግሥ የመጣ ነው፤ ሰፈረ፣ ድንኳኑን ተከለ ማለት ነው። የጥንቱ ከተማ የድንጋይ ቤት ክምችት አልነበረም፤ ንጉሡና ሠራዊቱ ከብታቸውን አስረው፣ ድንኳናቸውን ተክለው የሚያርፉበት ሰፈር ነበር። ስለዚህ ከተማ ማለት በመነሻው ማቆሚያ ማለት ነው ብል ብዙ አልተሳሳትኩም። ከ1520 እስከ 1526 እ.ኤ.አ. በዐፄ ልብነ ድንግል ዘመን በሀገራችን የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ይህንን ሰፈር በአድናቆት ጽፎታል። ሰፈሩ በሄደበት ሁሉ ሥርዐቱ አይናወጥም ነበር፤ የንጉሡ ድንኳን መሐል፣ ቤተ ክርስቲያኑና ገበያው በየቦታው፣ መኳንንቱም በቀኝና በግራ እንደየማዕረጋቸው። ማንም ቦታ ፍለጋ አይዞርም፤ ማዕረጉ ቦታውን ይነግረዋል። የቤተ መንግሥቱን ፈረሶች የሚጠብቀው ባለሥልጣን «ባልደራስ» ይባል ነበር። ከብት ማሰሪያ ባልደራስ የሚሾምለት የመንግሥት ጉዳይ ነበር ማለት ነው።

ነገር ግን ያ ሁሉ ከብት ሣር ይበላል። ሣሩና እንጨቱ ሲያልቅ ከተማው ይነሣል። ዐፄ ምኒልክም የአዲስ አበባ ማገዶ ባለቀ ጊዜ መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው እንደነበር የታወቀ ነው። በየካቲት 1888 ዓ.ም. ደግሞ መቶ ሺህ ያህል ሰው ከነአጋሰሱ ዐድዋ ላይ ሰፍሮ ሳለ፣ ከጣሊያን ጦር እኩል ያስጨነቀው የስንቁ ማለቅ ነበር። የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትም ሠራዊታቸውን ይዘው እዚያው ነበሩ። ከብትህን የትም ማሰር ትችላለህ፤ ሣሩ ግን የአንድ ሰው ነው። ጥያቄያችን የሚጀምረው ከዚህ ነው።

በገጠራችን ሲመሽበት ከደጅ የቆመ መንገደኛ «የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ» ይላል። ባለቤቱም ስሙን ሳይጠይቅ በቅሎውን ተቀብሎ ኮርቻዋን ያወርዳል፤ ገፈራ ወይም ድርቆሽ ይጥልላታል፤ እንግዳውን እግሩን ያጥባል። ለማሰሪያው ሳንቲም የሚጠይቅ ሰው ነውረኛ ነው። ይህ ወግ በዐይናችን ያየነው፣ በአያቶቻችን አንደበትም የሰማነው እውነት ነውና ልናኮራበት ይገባል። ሆኖም የታሪክ ወዳጅ የሆነ ሰው እዚህ ላይ ብቻ ቆሞ ቢያለቅስ ግማሹን እውነት ይዞ ይቀራል።

ሌላው ግማሽ «ድርጎ» ይባላል። የንጉሥ ወይም የመስፍን ትእዛዝ የያዘ መንገደኛ ከነአሽከሩና ከነከብቱ በደረሰበት መንደር እንዲመገብና እንዲያድር የሚያደርግ ሥርዐት ነበር። እንግዳው በነጻ ያድራል፤ ገባሩ ግን እንጀራውን፣ ማሩን፣ ሙክቱን፣ የከብቱንም ሣር ያቀርባል። ጦር ሲያልፍ ደግሞ የባሰ ነበር፤ ወታደር በገበሬ ቤት ይመራል፤ ፈረሱም በቡቃያ ላይ ይለቀቃል። ዐፄ ምኒልክ በ1880ዎቹ የአሥራትን ግብር ያወጁት አንዱ ምክንያት ወታደር በገበሬ ቤት መሰፈሩን ለማስቀረት ነበር። እንግዲህ «በነጻ» የሚለው ቃል ሁለት ፊት እንዳለው ልብ በሉ። አንደኛው ፊት ሰጪው ወድዶ የሰጠው ነው፤ ሁለተኛው ፊት ተቀባዩ ስላልከፈለ ብቻ ነጻ የተባለው ነው። ከደጅ የታሰረችው በቅሎ ሁለቱን አትለይም፤ ሣሩን ያጨደው ሰው ግን ይለያል።

ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በኅዳር 1770 እ.ኤ.አ. ወደ ግሽ ዓባይ ምንጭ ሲወርድ ያጋጠመውን የጻፈው ታሪክ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። በዚያ ዘመን የዳሞት ኃያል ሰው የነበረው ፋሲል ለብሩስ የራሱን ፈረስ ሰጠው፤ ነገር ግን እንዲቀመጥበት አልነበረም። እንደተጫነና እንደተለጎመ ከፊቱ እንዲያስነዳው ነበር ያዘዘው፤ ያንን ፈረስ ያየ ሁሉ እንግዳውን አይነካውምና። በዘመናችን ቋንቋ ብናስቀምጠው ፈረሱ የፋሲል ታርጋ ነበር። ዛሬም አንዳንድ ታርጋ ያለበት መኪና ማንም ባልተፈቀደለት ስፍራ ያለ ጠያቂ ሲቆም ሳይ፣ ያ ባዶ ኮርቻ ያለው ፈረስ ትዝ ይለኛል።

ከብሩስ አንድ መቶ ሃምሳ ዓመት በኋላም ነገሩ ብዙ አልተለወጠም። እንግሊዛዊው ሮበርት ቺዝማን ከ1925 እስከ 1934 እ.ኤ.አ. በዳንግላ የብሪታንያ ቆንስል ሆኖ ተቀምጧል። ብሪታንያ የጣና ውኃ ጉዳይ ያሳስባት ነበርና፣ ዛሬ ባጃጅ የሚርመሰመስባት ዳንግላ ያን ጊዜ ከለንደን ጋር የምትጻጻፍ ስፍራ ነበረች። ቺዝማን የጣናን ዙሪያና የዓባይን ሸለቆ እየዞረ አጠና፤ ያየውንም በ1936 ባሳተመው መጽሐፍ አስቀመጠ። ጉዞው በአብዛኛው በበቅሎ ነበር። በየዕለቱ የሚጠየቀው ጥያቄ ዛሬ አሽከርካሪ ከሚጠይቀው አንድ ነው፤ ከብቱ የት ይታሰር? ውኃ ቅርብ ነው ወይ? ሌባ አለ ወይ?

ከዚያ ጣሊያን መጣ፤ ከጣሊያንም ጋር የመኪና መንገድ መጣ። ጥርጊያው የተሠራው መድፍና ስንቅ እንዲያልፍበት ነበር፤ የሠራውም ጉልበት በአብዛኛው የእኛው ነበር። የመኪናና የከብት ዘመን ፊት ለፊት የተያዩት ግን በ1933 ዓ.ም. ይመስለኛል። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ጥር 12 ቀን ከሱዳን ተነሥተው ኦሜድላ ላይ ድንበር ተሻገሩ። ከእርሳቸው ጋር የነበረው በዊንጌት የሚመራው የጌድዮን ጦር ስንቁን የጫነው በግመል ነበር፤ ቁጥራቸውም 15,000 ያህል ይደርስ ነበር። በቆላው ጫካ መኪኖቹ መሄጃ እያጡ ሲቀሩ፣ በረሓውን ያሻገረው እንስሳ ነው። በየካቲት ወር የጣሊያን ጦር ዳንግላንና እንጅባራን ለቆ ወጣ፤ እንደ ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬ ያሉ የጎጃም አርበኞችም አስቀድመው አገሩን አስጨንቀውት ነበር።

ግመሎቹስ? የበረሓው እንስሳ የአዊን ደጋ፣ ብርዱንና ጭቃውን አልቻለውም። ሬሳቸው በየመንገዱ ዳር ቀረ። ሚያዝያ 27 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ሲገቡ፣ ከዚያ ሁሉ መንጋ እዚያ የደረሱት ሃምሳ ያህል ብቻ እንደነበሩ ይነገራል። ለአርበኛው ሐውልት ቆሞለታል፤ ይገባዋልም። ነጻነትን በጀርባቸው ተሸክመው ለመጡት ለእነዚያ እንስሳት ግን ማሰሪያቸው መንገድ ዳር ሆነ። «በነጻ ማቆም» የሚለው ነገር ከዚህ የከፋ ትርጉም ያለው አይመስለኝም።

የመኪናን ነገር ካነሣን አንድ የሚገርም ዝምድና ልጥቀስ። «በቅሎ አባትሽ ማነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች» እንደሚባለው፣ መኪናም ዘሩን ቢጠይቁት የሚጠቅሰው ፈረስን ነው። የሞተሩ ኃይል እስከ ዛሬ የሚለካው «በፈረስ ጉልበት» ነውና። ይህንን መለኪያ በ1780ዎቹ እ.ኤ.አ. ያስለመደው ጄምስ ዋት ይባላል፤ ከግሽ ዓባዩ ተጓዥ ከብሩስ ጋር የአንድ ዘመንና የአንድ አገር ሰው ነው። አንዱ ስኮትላንዳዊ በአገው ምድር የፋሲልን ፈረስ ሲያስነዳ፣ ሌላው ስኮትላንዳዊ ፈረስን የሚተካውን ሞተር ያሻሽል ነበር። ልጁ በ1900 ዓ.ም. ገደማ ወደ ዐፄ ምኒልክ ደጅ ደረሰ፤ የመጀመሪያዎቹ አውቶሞቢሎች አዲስ አበባ ገቡ። በ1935 እ.ኤ.አ. ደግሞ፣ ጣሊያን እኛን ለመውረር ጦሩን በሚያከማችበት በሐምሌ ወር፣ በአሜሪካ ኦክላሆማ ሲቲ በምትባል ከተማ የመጀመሪያው የማቆሚያ ሰዓት ቆጣሪ መንገድ ዳር ተተከለ። ዋጋው ለአንድ ሰዓት አምስት ሳንቲም ነበር። ሰው ለቆመበት መሬት በደቂቃ ተቆጥሮ የሚከፍልበት ዘመን ያኔ ተጀመረ።

ያ ዘመን እኛም ዘንድ ደርሷል። በአዲስ አበባ መንገድ ዳር ባለ ሰደርያ ወጣት «ና፣ ና… ቀኝ ስበር… ቀጥ!» ብሎ ያቆመንን፣ ስንመለስም ቁራጭ ወረቀት የዘረጋልንን ስንቶቻችን እናውቃለን! በየክፍለ ሀገሩ መዝናኛም እንዲሁ ነው። አንዱ ለጥበቃው ይቀበላል፤ አንዱ ለመግቢያው፤ ሌላው ደግሞ ምንም ሳይጠብቅ ስለቆምክ ብቻ። እኔም አንድ የሐይቅ ዳር መዝናኛ ደጃፍ ላይ ለማቆሚያ ከፍዬ፣ ስመለስ ጠባቂውን አጥቼ፣ የመኪናው የጎን መስተዋት ተነቅሎ ጠብቆኛል። ቅሬታዬ ለመክፈሌ አይደለም፤ የከፈልኩለት ነገር ስላልነበረ ነው።

በአንጻሩ እንጅባራ በዓመት አንድ ቀን ለመላው ዓለም የምታሳየው ትምህርት አለ። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. እንደተመሠረተ ይነገራል፤ ዛሬ አባላቱ በአሥር ሺዎች ይቆጠራሉ። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ዕለት፣ በዐድዋ የዘመቱትን አባቶችና ፈረሶች ለማሰብ ከየወረዳው ይሰበሰባሉ። ማኅበሩ የጌጥ ብቻ አይደለም፤ አባል ሲሞት ይቀብራል፤ የተጣላን ያስታርቃል። በዚያ ቀን ፈረሶቹ በቀይና በቢጫ ጥልፍ ግላስ፣ በቃጭልና በዛጎል አጊጠው ከተማዋን ይሞሏታል፤ ሜዳው ላይ ሽምጥ ሲጋልቡ ምድር ይንቀጠቀጣል። ያን ዕለት መንገዱን የሚለቀው መኪና ነው። እንግዳ ሆኖ የመጣ ፈረሰኛም የሚያድርበት ዘመድ፣ ፈረሱን የሚያስርበት የቀርከሃ አጥር አያጣም። «ሜዳውም ይኸው» የሚለው ተረት ቢያንስ በዓመት አንድ ቀን እውነት ይሆናል። እውነት የሚያደርገው ደግሞ የሜዳው ስፋት ብቻ አይመስለኝም፤ የዛሬው አስተናጋጅ የነገ እንግዳ መሆኑን ሁሉም ማወቁ ነው።

እንግዲህ ወደ ዘንገና አፋፍ እንመለስ። የሮማው ንጉሥ ዩስቲንያኖስ በ533 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሕግ አየር፣ ወራጅ ውኃ፣ ባሕርና የባሕር ዳርቻ በተፈጥሮ ሕግ የሰው ሁሉ የጋራ ናቸው ተብሎ ተጽፏል። ዩስቲንያኖስ የእኛው ዐፄ ካሌብ ዘመነኛ ነው፤ መልእክተኛም ወደ አክሱም ልኮ ነበር። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥታችንም በአንቀጽ 40 መሬትና የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል። ሁለቱም መልካም ቃል ናቸው። ነገር ግን ዳርቻው የሁሉ ሆኖ ማቆሚያው የአንድ ሰው ከሆነ፣ ዳርቻው የዚያ ሰው ነው። ውኃው በነጻ ሆኖ ወደ ውኃው መድረሻው በዋጋ ከሆነ፣ ውኃው የባለ ገንዘብ ነው። በእግሩ የሚመጣው የባንጃ እረኛ ይህ አይነካውም ይሆናል፤ ልጆቹን በአንድ የኪራይ ሚኒባስ አጭቆ ከዳንግላ የመጣውን መምህር ግን ይነካዋል።

ታዲያ ሁሉም በነጻ ይሁን ልበል? ድርጎን ያነሣሁት ይህንን እንዳልል ነው። የእኔ መኪና በነጻ ሲቆም አንድ ሰው ከብቱን የሚያግጥበት ሣር ይተኛል። ዘይቱ ወደ ገደሉ ሲንጠባጠብ፣ ወይም ነጂው ባልዲ ይዞ መኪናውን እዚያው ሊያጥብ ሲያምረው፣ ሂሳቡን የሚከፍለው ሐይቁ ነው። ዘንገና ቆሻሻውን ጠርጎ የሚወስድለት ወንዝ የለውም፤ የገባበት ሁሉ እዚያው ይቀራል። መኪናዬን ፀሐይ ላይ ቆሞ የሚጠብቀው ወጣትም የድሮ ገባር አይደለም፤ የላቡን ዋጋ ማግኘት አለበት።

ስለዚህ የእኔ ሐሳብ እንዲህ ነው። ቦታው ነጻ ይሁን፤ አገልግሎቱ በዋጋ ይሁን። መቆም የሁሉ መብት ሆኖ ይቆይ፤ ጥበቃ ለፈለገ፣ አካባቢውን ለሚያጸዳው፣ ፈረስ ለሚያከራየው ልጅ ግን በደስታ ይከፈል፤ የተከፈለውም የት እንደሚገባ ይታወቅ። ማቆሚያው ደግሞ ከአፋፉ ራቅ ይበል። አያቶቻችን ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ከቅጥሩ ሲደርሱ ከበቅሏቸው ይወርዱ ነበር፤ ከውጭ አስረው በእግራቸው ይገቡ ነበር። ማንም አላስከፈላቸውም፤ ማንም ግን በቅሎውን እስከ ቅድስቱ አልነዳም። ነጻነትና አክብሮት አንድ ቦታ ላይ ሲገናኙ እንዲህ ያለ ወግ ይወለዳል። ከአስፋልቱ እስከ ዘንገና 200 ሜትር ነው። ከሰቆጣ ተነሥተው እዚህ ለደረሱት የሰባት ቤት አባቶች ልጆች፣ ለእኛም ለእንግዶቻቸው፣ ይህ ምን ያህል መንገድ ነው?

ለ200 ሜትር ከኮርቻችን ብንወርድ ሣሩ ለፈረሱ ይተርፋል። ያን ጊዜ ተረቱን ሳናፍር እንተርታለን፤ ፈረሱም ይኸው፣ ሜዳውም ይኸው።

ቸር እንሰንብት!